አስተያየትን በማስረጃ ማቆም፦ ስለ ዘመናዊ የአሜሪካ ታሪክ ለሚጽፍ ተማሪ

ስለ ዘመናዊ የአሜሪካ ታሪክ የራሱን አስተያየት እንዲጽፍ የተጠየቀ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ችግር በአንዱ ይያዛል። አንዳንዱ የተሰማውን ሁሉ ያፈስና ማስረጃውን ይረሳል። አንዳንዱ ደግሞ ተሳስቶ እንዳይገኝ ስለሚፈራ ስምና ቀን ደርድሮ የራሱን አቋም ይሸሽጋል። ብዙ ጊዜ የሚነቀፈው የመጀመሪያው ነው፤ በእኛ እምነት ግን ለማዳን የሚቀለውም እሱ ነው። አቋም ካለ ማስረጃ ፈልጎ ማቆም፣ ካልቆመም መለወጥ ይቻላል። አቋም የሌለውን ጽሑፍ ግን ከየት ይዞ ማረም ይቻላል?

የሚከተለው አሠራር 1,500 ቃላት ገደማ ላለው ጽሑፍ የተመጠነ ነው። ለዚህ ርዝመት አንድ ዋና ሐሳብ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ቀዳሚ ምንጮች (በዘመኑ ሰዎች የተዘጋጁ ሰነዶች)፣ ሁለት ወይም ሦስት የታሪክ ምሁራን ጥናቶች፣ በቅጡ የተመለሰ አንድ ተቃራኒ ሙግት ይበቃል። ከዚህ በላይ ከተጨመረ ለእያንዳንዱ ማስረጃ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይደርሰውና ጽሑፉ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እናንተም በአማርኛ ስትጽፉ ኦገስትን «ነሐሴ» ብላችሁ አትለፉ፤ ወሮቹ አንድ ቀን ስለማይጀምሩ ክስተቱ በቀናት ይዛነፍባችኋል።

አቋሙን ሊሸነፍ በሚችል መልክ መጻፍ

«የዜግነት መብት ንቅናቄ ታላቅ ድል ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሚቃወም ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም አንባቢው ከእሱ የሚያገኘው ነገር የለም። ዋና ሐሳብ የሚባለው አንድ ሰነድ ተገኝቶ «ልክ አይደለም» ሊያሰኘው የሚችል ሲሆን ነው። ለማጥበብ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የት? ከመቼ እስከ መቼ? በምን ተለክቶ? ያ ሰፊ ዓረፍተ ነገር በእነዚህ ጥያቄዎች ሲጠብ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በ1965 የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ በሚሲሲፒ የተመዘገቡ ጥቁር መራጮችን ቁጥር ያሳደገው የሰዎቹ የመመዝገብ ፍላጎት ስለጨመረ ሳይሆን የአካባቢው የመራጮች መዝጋቢ የመከልከል ሥልጣኑን ስለተነጠቀ ነው።»

አሁን ሐሳቡ በምን ሊወድቅ እንደሚችል ይታያል። ምንጭ ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል «ይህን ካገኘሁ ልክ ነኝ»፣ በቀኝ በኩል «ይህን ካገኘሁ ተሳስቻለሁ» ብላችሁ ጻፉ። በእኛ ምሳሌ ግራው ላይ የሚሰፍረው «ከ1965 በፊት ብዙ ሰው ሊመዘገብ ሞክሮ ተመልሷል» የሚል ይሆናል። ቀኙ ላይ ደግሞ «የሞከረው ሰው ጥቂት ነበር» ወይም «ምዝገባው ያደገው የፌዴራል መንግሥት እጁን ባላስገባባቸው ቦታዎችም ነው» የሚል ይገባል። ይህን ሳይጽፉ ወደ ምንጭ የሚሄዱ ተማሪዎች የሚስማማቸውን ብቻ ቀድተው ይመለሳሉ። ተንኮል ስላላቸው አይደለም፤ ዓይን የሚፈልገውን ስለሚያይ ነው።

ግራውን እንሙላ። በ1964 ከጁን እስከ ኦገስት በሚሲሲፒ በተካሄደው የመራጮች ምዝገባ ዘመቻ 17,000 ገደማ ጥቁሮች ለመመዝገብ ሞክረው የተቀበሏቸው 1,600 ያህሉን ብቻ ነበር። ከሕጉ በፊት ዕድሜያቸው ለምርጫ ከደረሰ የግዛቲቱ ጥቁሮች 6.7 በመቶው ብቻ ተመዝግበው ነበር፤ በ1967 59.8 በመቶ ደርሰዋል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ሲቆሙ ሐሳቡን ይደግፋሉ፤ ለየብቻ ግን አይበቁም። የኋለኛው ጭማሪውን ብቻ ያሳያል፤ ፍላጎቱ አስቀድሞ እንደነበረ የሚናገረው የመጀመሪያው ነው።

ቀጥሎ መከልከሉ በምን ዘዴ ይፈጸም እንደነበር አሳዩ፤ «አድልዎ ነበር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሚሲሲፒ በ1954 ሕገ መንግሥቷን ስታሻሽል አመልካቹ ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ አንብቦ መዝጋቢውን በሚያረካ መልኩ በጽሑፍ እንዲተረጉም አስገደደች። አንቀጹን የሚመርጠውም ትርጓሜውን የሚያርመውም ያው መዝጋቢ ነው። በ1962 በወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የአመልካቾች ስም በአካባቢው ጋዜጣ ለሁለት ሳምንት እንዲወጣ ተደረገ። ይህም አሠሪውም ባለርስቱም እንዲያዩት በር ከፈተ። ጥቁሯ የእርሻ ሠራተኛ ፋኒ ሉ ሄመር በኦገስት 31 ቀን 1962 ለመመዝገብ ኢንዲያኖላ ወደምትባል የሚሲሲፒ ከተማ ሄደው ሲመለሱ ለ18 ዓመት ከሠሩበት እርሻ ተባረዋል። እዚህ ላይ ሐሳባችሁ አንድ እርምጃ ይጠልቃል። ያልሞከረ ሁሉ ያልፈለገ አይደለም፤ የሞካሪዎች ቁጥር ፍላጎትን አሳንሶ ነው የሚያሳየው።

አሁን ቀኙ። የፌዴራል መዝጋቢዎች የተላኩት ወደ አንዳንድ ካውንቲዎች (ግዛቱ ወደሚከፈልባቸው የአስተዳደር ወረዳዎች) ብቻ ነበር፤ ባልተላኩባቸውም ምዝገባው አድጓል። «የፌዴራል መዝጋቢዎች ስለመጡ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ ከነበረ ዓረፍተ ነገሩ እዚህ ይፈርሳል። የሕጉን አንቀጽ 4 ስታነቡ ግን መልሱን ታገኙታላችሁ፦ በ1964 ምርጫ የማንበብና መጻፍ ፈተና ይጠቀሙ በነበሩና ከመራጭ ሕዝባቸው ከግማሽ በታች በተመዘገበባቸው ወይም ድምፅ በሰጠባቸው ግዛቶች ፈተናው በአንድ ጊዜ ታግዷል፤ መዝጋቢ ተላከም አልተላከም። በተጨማሪም ከ1961 ጀምሮ በሚሲሲፒ ከተሞችና ገጠሮች ሰው ሲያደራጁ የቆዩ ወጣቶች ባይኖሩ የተከፈተው በር በሁለት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ሰው ባላስገባም ነበር። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ይታረማል፦ «…መዝጋቢው የመከልከል ሥልጣኑን ስለተነጠቀና ዕድሉን ለመጠቀም የተደራጀ ሕዝብ ቀድሞ ስለነበረ ነው።» የማይመቸውን ማስረጃ ከመሸሸግ ዓረፍተ ነገሩን መቀየር ይሻላል። የተቀየረው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጥ ትክክል፣ ብዙ ጊዜም ይበልጥ የሚነበብ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ንጽጽር። ምክንያትን ለማሳየት ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ አንዱ ነገር ተቀይሮ ሌላው ባልተቀየረበት ሁኔታ ምን እንደሆነ ማየት ነው። በ1957 እና በ1960 የወጡት የዜግነት መብት ሕጎችም ስለ ምርጫ ነበሩ። ነገር ግን የፍትሕ ሚኒስቴር ካውንቲ በካውንቲ እየዞረ ክስ እንዲመሠርት ስለሚያስገድዱ የመዝጋቢውን ሥልጣን አልነኩም። ሃቲስበርግ በምትገኝበት በፎረስት ካውንቲ መዝጋቢ ላይ በ1961 የተመሠረተው ክስ ለዓመታት ተጓቷል። ያው ሕዝብ፣ ያው ግዛት፣ ሌላ ዓይነት ሕግ፣ ሌላ ውጤት። ይህ አንቀጽ በጽሑፋችሁ ውስጥ ከገባ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል።

ምንጩ መቼ፣ ለማን፣ ለምን ተጻፈ

እያንዳንዱን ምንጭ ስትመዘግቡ አራት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ ማን ጻፈው፣ በየትኛው ቀን፣ ማን እንዲያነበው፣ ምን ለማግኘት። ብዙ ተማሪ ሦስተኛውንና አራተኛውን ይዘላል፤ ስሕተቱ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

የአቶሚክ ቦምቡን ጉዳይ ተመልከቱ። ቦምቡ ሲጣል የጦር ሚኒስትር የነበሩት ሄንሪ ስቲምሰን በፌብሩዋሪ 1947 ባሳተሙት ጽሑፍ ጃፓንን መውረር ለአሜሪካ ጦር ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሙትና ቁስለኛ ያስከትል እንደነበር ገልጸዋል። በጁን 1945 የወታደራዊ ዕቅድ አውጪዎች ካዘጋጇቸው ሰነዶች አንዱ ግን ለአንደኛው የወረራ አማራጭ 193,500 ሙት፣ ቁስለኛና የጠፋ ገምቷል። በሌላ በኩል የአሜሪካ ስትራቴጂያዊ የቦምብ ድብደባ ጥናት በ1946 ባወጣው ሪፖርት ቦምቡ ባይጣልም ወረራውም ባይደረግ ጃፓን እስከ 1945 መጨረሻ እጅ መስጠቷ አይቀርም ነበር ብሏል። ሦስቱ አንድ ዓይነት ምንጭ አይደሉም። የጁኑ ሰነድ ከውሳኔው በፊት ለውሳኔ ሰጪዎች የተዘጋጀ ነው። የስቲምሰን ጽሑፍ ትችት ከተነሣ በኋላ ለሕዝብ የቀረበ መከላከያ ነው። ሪፖርቱ ደግሞ የተለመደው የአየር ድብደባ ምን ያህል ውጤት እንዳመጣ እንዲመዝን ከተቋቋመ አካል የወጣ ነው። ስለዚህ «ፕሬዚዳንት ትሩማን በኦገስት 1945 ምን ያስቡ ነበር?» ለሚል ጥያቄ የ1946ቱም ሆነ የ1947ቱ ጽሑፍ በቀጥታ ማስረጃ አይሆንም። «አሜሪካውያን ስለ ቦምቡ ምን እንዲያምኑ ተፈለገ?» ለሚል ጥያቄ ግን የስቲምሰን ጽሑፍ ወርቅ ነው። ምንጭ በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይደለም፤ ለየትኛው ጥያቄ እንደቀረበ ነው የሚታየው።

ለሕዝብ የተነገረውንና በዝግ የተነገረውን ጎን ለጎን ማስቀመጥም ብዙ ጊዜ ፍሬ አለው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በሜይ 27 ቀን 1964 ከብሔራዊ ደኅንነት አማካሪያቸው ከማክጆርጅ ባንዲ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ስለ ቬትናም ልንዋጋለት የሚገባ አይመስለኝም፣ መውጣት እንችላለን ብዬም አላስብም የሚል ይዘት ያለው ንግግር ተናግረዋል፤ ቅጂው አለ። በኦገስት ያው ሰው ኮንግረስን የጦር ሥልጣን ጠየቁ። ይህን ያገኘ ተማሪ ወዲያው «ውሸታም ነበሩ» ብሎ ለመጻፍ ይቸኩላል። ስልኩ ላይም ሰው ለአድማጩ ነው የሚናገረው፤ ጥርጣሬን ለአማካሪ መግለጽ ሐሳቡን ለመፈተንም ሊሆን ይችላል። ቅጂው በእርግጠኝነት የሚያረጋግጠው ጥርጣሬው ከውሳኔው በፊት እንደነበረ ነው። ያ ብቻውን ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ከዚያ በላይ አታስከፍሉት።

ምንጮቹ የት ይገኛሉ ለሚለው፦ የፕሬዚዳንቶች ሰነዶች በየቤተ መጻሕፍታቸው ተቀምጠዋል፤ የሩዝቬልት በሃይድ ፓርክ ኒው ዮርክ፣ የትሩማን በኢንዲፔንደንስ ሚዙሪ፣ የአይዘንሃወር በአቢሊን ካንሳስ፣ የኬኔዲ በቦስተን፣ የጆንሰን በኦስቲን ቴክሳስ፣ የኒክሰን በዮርባ ሊንዳ ካሊፎርኒያ። ብዙው በኢንተርኔት ተለቅቋል። ስለ ውጭ ጉዳይ ለሚጽፍ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከ1861 ጀምሮ የሚያሳትመው የዲፕሎማሲ ሰነዶች ተከታታይ ጥራዝ ከሁሉ ይቀድማል፤ ቴሌግራሞችና የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች በቀን ተደርድረው ይገኙበታል። የኮንግረስ ክርክር በኮንግረስ መዝገብ ይገኛል፤ ነገር ግን አባላት ንግግራቸውን በኋላ ማረምና መጨመር ስለሚችሉ «በምክር ቤቱ እንዲህ ብለው ተናገሩ» ከማለት በፊት ይህን አስቡ። የቤተ መዛግብት ሰነድ ስትጠቅሱ ጸሐፊውን፣ ተቀባዩን፣ ቀኑን፣ የስብስቡን ስም፣ የሣጥንና የማኅደር ቁጥሩን፣ ቤተ መጻሕፍቱን በዚህ ቅደም ተከተል አስፍሩ። የሣጥን ቁጥር የሌለው ጥቅስ ለአንባቢው የማይገኝ ጥቅስ ነው።

ቁጥር ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ቦታዎች

በ1936 በአሜሪካ ሥራ አጥ የነበረው ሰው ስንት በመቶ ነው? አንዱ የታወቀ አቆጣጠር 16.9፣ ሌላው 9.9 ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው በመንግሥት የእርዳታ ሥራ ላይ የተሰማሩትን ሥራ አጥ ብሎ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ሥራ እንዳላቸው ይቆጥራል። ኒው ዲል (የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የኢኮኖሚ ማገገሚያ መርሐ ግብር) አልሠራም የሚል ተማሪ የመጀመሪያውን፣ ሠርቷል የሚል ሁለተኛውን ሲጠቅስ ሁለቱም ሳያውቁት የሚከራከሩት «መንገድ የሚሠራ የመንግሥት ተቀጣሪ ሥራ አለው ወይ?» በሚለው ላይ ነው። መፍትሔው ሁለቱንም ቁጥር ከነልዩነቱ ጽፎ ለራስ ጥያቄ የትኛው እንደሚስማማ ማስረዳት ነው። ጥያቄው የግል ኢኮኖሚው አገገመ ወይ ከሆነ 16.9 ይሻላል፤ ቤተሰቦች ገቢ ነበራቸው ወይ ከሆነ 9.9።

የብር መጠን ስታነጻጽሩ በሸማቾች ዋጋ መለኪያ አስተካክሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የድሮውን መጠን በአዲሱ ዓመት መለኪያ አባዙ፣ በድሮው ዓመት መለኪያ አካፍሉ። የፌዴራል ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በ1968 1.60 ዶላር ነበር። የ1968 መለኪያ 34.8፣ የ2023 መለኪያ 304.7 ነው። 1.60 ሲባዛ በ304.7 ሲካፈል ለ34.8 14.01 ዶላር ይመጣል። ከ2009 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ወለል 7.25 ዶላር ስለሆነ የመግዛት አቅሙ የ1968ቱን ግማሽ ያህል ነው። ይህን ሳያደርጉ «ደመወዝ ከአራት እጥፍ በላይ አደገ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ አንባቢውን ፈጽሞ ወደ ተቃራኒው ይወስዱታል።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን ድምር ነው። የ1964ቱን የዜግነት መብት ሕግ የተወካዮች ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 10 ቀን 290 ለ130 ሲያጸድቀው ከሪፐብሊካኖች 80 በመቶው፣ ከዴሞክራቶች 61 በመቶው ደግፈውታል። ከዚህ ተነሥቶ ሪፐብሊካኖች ይበልጥ ደጋፊ ነበሩ ማለት ይቀላል። በክልል ከፋፍሉት እንጂ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ተገንጥለው ከነበሩት 11 የደቡብ ግዛቶች ውጭ ዴሞክራቶች 94 በመቶ፣ ሪፐብሊካኖች 85 በመቶ ደገፉ። በደቡብ ዴሞክራቶች 7 በመቶ ሲደግፉ 10 ሪፐብሊካኖች ብቻ ነበሩ፤ አንድም አልደገፈም። በሁለቱም ክልል የዴሞክራቶቹ መጠን ይበልጣል፤ በድምሩ ግን ያንሳል፣ ምክንያቱም ከዴሞክራቶቹ ብዙዎቹ የደቡብ ሰዎች ነበሩ። ድምፁን የወሰነው ከፓርቲ ይልቅ ክልል ነው። ይህን የድምፅ ውጤት ለዛሬ ፓርቲ ማወደሻ ወይም መውቀሻ የሚጠቀም ጽሑፍ በየቦታው አለ፤ እናንተ አትጨምሩበት።

የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎችን ስትጠቅሱ ጥያቄው በምን ቃል እንደቀረበ፣ በየትኛው ወር እንደተጠየቀና ማን እንደመለሰ ጨምሩ። የመላሹ ብዛት ዋስትና አይሆንም። በ1936 አንድ መጽሔት 10 ሚሊዮን ገደማ ወረቀት በትኖ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ነበር፤ ያስተላለፈው ትንበያ ሩዝቬልት ይሸነፋሉ የሚል ሲሆን ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን አሸንፈዋል። አድራሻዎቹ ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ስለተወሰዱና የመለሱትም በራሳቸው ፈቃድ ስለሆነ ድሃው መራጭ ብዙም አልተጠየቀም።

ተከትሎ መጣ ማለት በእሱ ምክንያት መጣ ማለት አይደለም

በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች የመቀመጫ መለያየትን በመቃወም በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ያደረጉት አድማ 381 ቀን ቆይቶ በዲሴምበር 20 ቀን 1956 አበቃ፤ በማግሥቱ አውቶቡሶቹ መቀመጫ መለየት አቆሙ። ይህን አይቶ «አድማው መለያየትን አስቀረ» ማለት ይቀላል። መካከል ላይ ግን አራት ሴቶች በፌብሩዋሪ 1956 የመሠረቱት ክስ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 13 ለእነሱ ፈረደ፣ ትእዛዙ ሞንትጎመሪ የደረሰውም በዲሴምበር 20 ነው። በሕግ ደረጃ መለያየቱን ያስቀረው ክሱ ነው። አድማው ታዲያ ምን ሠራ? ሕዝቡን አደራጀ፣ የአገሩን ዓይን ሳበ፣ አዲስ መሪ አወጣ። ሁለቱን ለይቶ የጻፈ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ከሚያወድስ ተማሪ የተሻለ አስተያየት አለው።

ጉዳዩ በቀናትና በሰዓታት የሚወሰን ሲሆን የጊዜ ሰሌዳ ሥሩና ሁሉንም በአንድ ከተማ ሰዓት ጻፉ። ስለ ጃፓን እጅ መስጠት ስትጽፉ የቶኪዮን ሰዓት ውሰዱ፦ ሂሮሺማ ኦገስት 6 ጠዋት፤ የሶቭየት የጦርነት አዋጅ ኦገስት 8 እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው፤ የሶቭየት ጦር ማንቹሪያ መግባት ኦገስት 9 ሌሊት፤ የጃፓን የጦር ምክር ቤት ስብሰባ በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ፤ ናጋሳኪ ከረፋዱ 5፡02፤ የንጉሠ ነገሥቱ የሬዲዮ ንግግር ኦገስት 15። ሰሌዳው ሲሠራ ስብሰባው የተጠራው በናጋሳኪ ምክንያት ነው የሚለው ሙግት ወዲያው ይወድቃል፤ ዜናው የደረሰው ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ ነውና። ከሂሮሺማና ከሶቭየት ጥቃት የትኛው ይበልጥ አስገደደ የሚለው ግን አሁንም ለክርክር ክፍት ነው፤ አቋም የሚያዘው እዚያ ላይ ነው።

የዘመኑ ሰው ምን ያውቅ ነበር?

«በዛሬ ዓይን አትፍረዱ» የሚለው ምክር ትክክል ቢሆንም ብዙ ጊዜ አፍ ማስያዣ ይሆናል። ከእሱ የሚሻለው ጥያቄ «በዚያው ዘመን ተቃውሞ ያሰማ ነበር ወይ?» ነው። ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 በፈረሙት ትእዛዝ 9066 መነሻነት 120,000 ገደማ የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነሥተው በካምፕ ታጎሩ፤ ሁለት ሦስተኛው ያህል የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ዘመኑ የጦርነት ፍርሃት ዘመን ስለነበር መፍረድ አይገባም የሚል ተማሪ ይህን ይመልስ፦ የፍትሕ ሚኒስትሩ ፍራንሲስ ቢድል ተቃውመው ነበር፤ የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ኃላፊ ኤድጋር ሁቨር ግፊቱ ከመረጃ ይልቅ ከሕዝብና ከፖለቲካ የመጣ መሆኑን ጽፈው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1944 ትእዛዙን በተቃወመው በፍሬድ ኮሬማትሱ ጉዳይ መንግሥትን ደግፎ 6 ለ3 ሲወስን ዳኛ ፍራንክ መርፊ ድርጊቱን ዘረኝነት ብለውታል። እንግዲህ ወቀሳው የእኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ1988 ኮንግረስ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል ሲወስን ያለው ነገር በ1942 ቀድሞ ተብሏል።

ተቃራኒውም ይሠራል። ኮንግረስ በኦገስት 7 ቀን 1964 ጆንሰን የጠየቁትን የጦር ሥልጣን የሚሰጠውን የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2 አጸደቀ። ለውሳኔው ምክንያት የሆነው፣ ሰሜን ቬትናም በአሜሪካ የጦር መርከቦች ላይ አድርሳዋለች የተባለው የኦገስት 4ቱ ጥቃት ጨርሶ አልተፈጸመም የሚለውን በ2005 የተለቀቁ የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ሰነዶች አጠናክረዋል። ይህን በ1964 ድምፅ የሰጠ አባል ያውቅ እንደነበር አድርጎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው። ይልቅ ሁለቱ ተቃዋሚ ሴናተሮች፣ ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ፣ በነበረው መረጃ ላይ ብቻ ተመሥርተው ለምን እንቢ አሉ ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ሌሎቹ ምን ሊጠይቁ ይችሉ እንደነበር ይገለጣል።

አንቀጹ ሲጻፍ

ደካማ አንቀጽ ይህን ይመስላል፦ «ሚሲሲፒ ውስጥ ብዙ ዘረኝነት ነበር። ጥቁሮች መምረጥ አይችሉም ነበር። በ1965 ሕጉ ወጣና ሁሉም ተለወጠ።» ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ሐሰት አይደሉም ማለት ይቻላል፤ ግን አንዱ ከሌላው ጋር አልተሳሰረም፣ «ሁሉም» የሚለው ቃልም ተጋኗል።

ተስተካክሎ ሲጻፍ፦ «መዝጋቢው አንቀጹን የሚመርጥም ትርጓሜውን የሚያርምም ስለነበረ አመልካች ምን ያህል ቢዘጋጅ ማለፉን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። በ1964 ዘመቻ ከሞከሩት 17,000 ያህል ሰዎች 1,600 ገደማ ብቻ መቀበላቸው ችግሩ ከአመልካቹ እንዳልነበረ ያሳያል። የ1965ቱ ሕግ ፈተናውን ሲያግድ የተወገደው ይህ የአንድ ሰው ሥልጣን ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ምዝገባው ከግማሽ በላይ የደረሰውም ለዚህ ነው።» አንቀጹ በራሳችሁ ሐሳብ ይጀምራል፣ ማስረጃው በመካከል ይገባል፣ መጨረሻው ማስረጃው ለምን ያንን እንደሚያሳይ ይናገራል። በማስረጃ የሚጀምርና በጥቅስ የሚያልቅ አንቀጽ የእናንተን ድምፅ ያጠፋል።

ተቃራኒውን ሙግት ወደ መጨረሻው አንቀጽ አትግፉት። ከጽሑፉ ሁለት ሦስተኛ ላይ አስገቡት፣ ባለቤቱ ቢያነበው «አዎ፣ የምለው ይህን ነው» በሚልበት ጥንካሬ ጻፉት፣ የሚቀበሉትን ክፍል ተቀበሉ፣ ከዚያ የቀረውን መልሱ። 200 ቃል ያህል በቂ ነው።

በፈተና ክፍል ከሆነ ጊዜው ራሱ ይቀርጻችኋል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የላቀ ደረጃ የአሜሪካ ታሪክ ፈተና በሰነድ ላይ ለተመሠረተው ጥያቄ 60 ደቂቃና ሰባት ሰነዶች ይሰጣል፤ 15ቱ ደቂቃ ለማንበብ የሚመከር ነው። በእነዚያ 15 ደቂቃዎች ሰነዶቹን «ይደግፋል»፣ «ይቃወማል»፣ «ያወሳስባል» ብላችሁ በሦስት ከፍሉ፤ ዋናውን ሐሳብ ከዚያ በፊት አትጻፉ። ለረጅሙ ድርሰት 40 ደቂቃ ስላለ አምስቱን ለዕቅድ፣ አምስቱን ለማረም አስቀሩ።

ከማስረከባችሁ በፊት ቀኖቹን አንድ በአንድ ፈትሹ፤ ብዙ የሚደጋገሙ ስሕተቶች አሉና። የ1964ቱ የዜግነት መብት ሕግ ስለ ሥራ፣ ስለ ሕዝብ መገልገያዎችና ስለ ትምህርት ቤቶች በዋናነት ነው፤ የመምረጥ መብት ሕግ የ1965 ነው፤ የመኖሪያ ቤት አድልዎን የከለከለው የኤፕሪል 1968 ነው። በትምህርት ቤቶች በዘር መለያየትን የሻረው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የብራውን ውሳኔ ሜይ 1954 ነው፣ አፈጻጸሙን የሚመለከተው ሁለተኛ ውሳኔ ግን 1955። የምርጫ ዕድሜ እስከ 1971 በአብዛኞቹ ግዛቶች 21 ስለነበረ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን የመራጭ መቶኛ በቀጥታ አታነጻጽሩ። ሪቻርድ ኒክሰንም በተወካዮች ምክር ቤት ክስ አልተመሠረተባቸውም፤ የፍትሕ ኮሚቴው የክስ አንቀጾቹን በጁላይ 1974 መጨረሻ አጸደቀ እንጂ ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሳይሰጥበት በኦገስት 9 ሥልጣን ለቅቀዋል።